ስድስት ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር

ሰርቦ፣ ኅዳር 9 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለፈይሳ ነጋሳ
አዲስ አበባ፣ ቡና ቅምሻ ማሠልጠኛ

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ሰላምታህ ብቻ አንድ ገጽ ተኩል ፈጅቷል። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ልጄ ፈድሊያም ደህና ናት። ጎረቤቱም ዶሮዋም ደህና ናቸው፤ አንድ ሳታስቀር ስለጠየቅከኝ ነው የምነግርህ። ግን ከመቼ ወዲህ ነው እኔ «እርስዎ» የሆንኩት? ከአንድ ኪስ ቆሎ እየቆረጠምን «መድና፣ ነይ እስቲ ይቺን እይልኝ» ስትለኝ የኖርክ ልጅ፣ አዲስ አበባ በገባህ በሃያ ቀንህ አንቱታ አመጣህ? ተወኝ፣ ማሎ፣ እባክህ። እንደ ድሮው ጻፍልኝ።

«ተቀይመሽኛል ወይ?» ብለሃል። ተናድጃለሁ፣ እንዴት አልናደድ! ግን በአንተ አይደለም። አንተን ሂድ አሉህ፣ ሄድክ። የተናደድኩበትን የምነግርህ የማታውቀው ሆኖ አይደለም፤ ካልተናገርኩት ሆዴ ውስጥ እንደ እርጥብ ጆንያ ሊሻግት ስለሆነ ነው።

መስከረም ላይ ያ ሰርኩላር የቡና መቀሸሪያችን ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ማን አነበበው? እኔ። «በሠራተኞች ጉባኤ የተመረጠ አንድ ሠራተኛ የስድስት ወር የትምህርት ፈቃድ ከሙሉ ደመወዝ ጋር ተሰጥቶት የቡና ቅምሻና ደረጃ ምደባ ይሠለጥናል፤ ተመራጩ ማንበብና መጻፍ የሚችል መሆን አለበት» የሚለውን፣ አርባ ብልሹ ፍሬ ለቃሚ ሴት ከብቦኝ ጮክ ብዬ ያነበብኩት እኔ ነኝ። አሮጊቷ ሶረቲ አልሰማሁም ብላኝ ደገምኩት። ጉባኤው ላይ ስልሳ ሦስት እጅ ወጣልኝ። ለአንተ አራት እጅ ወጣ፤ አንዱ የእኔ ነበር፣ ልጁ እንዳያፍር ብዬ።

ከዚያ በኋላ ፈድሊያን ጅማ ሄርማታ እናቴ ዘንድ ወሰድኳት። ከትምህርት ቤቷ መሸኛ አስወጣሁላት። ሻንጣ ተዋስኩ። ጎረቤት ሁሉ መርቆ ሸኘኝ ማለት ይቻላል። በአሥራ አምስተኛው ቀን ሰሌዳው ላይ የወጣው ስም የአንተ ሆነ። የሠራተኛ አስተዳደሯ ሸዋረገጥ ከቢሮዋ ብቅ ብላ «መድና ማንበብና መጻፍ እንደማትችል በሦስት ሰው ምስክርነት ተረጋግጧል» አለችኝ። ይህን የምትለኝ የለጠፈችውን ወረቀት ቆሜ እያነበብኩ ነው! ፈድሊያን ከነዕቃዋ መልሼ ሳመጣት ሰፈሩ በሙሉ በር ላይ ቆሞ አየን።

እኔ ነኝ መሃይም? ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተ ነህ። ቀበሌ አዳራሽ፣ በመሠረተ ትምህርቱ ዘመቻ፣ ከሥራ መልስ እጃችን ገለባ ገለባ እየሸተተ። የምስክር ወረቀቴ ላይ «አስተማሪ» ከሚለው ሥር ያንተ ፊርማ አለ፣ ያ ጭራው ረጅሙ። ሸዋረገጥ እሱንም አይታው «ለኮታ የታደለ ነው» አለች። ሦስቱን ምስክሮች ሳላገኛቸው አልቀመጥም። አንተ ቢሮ ገባ ወጣ ትል ስለነበር የሰማኸው ካለ ጻፍልኝ።

ስለ ቡናው ለጠየቅከኝ፦ እርጥበት መለኪያው መሣሪያ በአስተማሪው እጅ ብቻ ከሆነ ጥርስ የለህም እንዴ? ፍሬዋን በፊት ጥርስህ ነከስ አድርጋት። የጥርስህ ምልክት ከታተመባት እርጥብ ናት፣ አታሳልፋት። ጠንክራ ካንሸራተተችህ ደርሳለች። ፍርክስ ካለች ፀሐይ በዝቶባታል። ይህንን ሚዛን ቤት ሳለህ ሰባት ጊዜ አሳይቼሃለሁ። አሁንም የምነግርህ ሰርቦ እንዳትሰደብ ብዬ ነው።

እናትህን እማማ ወርቂቱን ሐሙስ ጅማ ገበያ አገኘኋት። ከደዶ በእግሯ ነው የመጣችው፤ ጉልበቷ ግን ደህና ነው። «ልጄን መንግሥት ያስተምረዋል» ብላ እጄን ሳመችኝ።

መድና አብዱልሰመድ

———

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 24 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለመድና

ሰላምታዬ በያለሽበት ይድረስሽ። ከልማድ ነው እንጂ አንቱ ማለቴ ለሌላ አይደለም። ይኸው በአንቺ ጻፍኩ።

ያልሽውን ሁሉ አንብቤአለሁ፤ አዝኛለሁም። ስለ ምስክሮቹ ላነሳሽው፣ በዚያን ሰሞን ከነገለባው የደረቀ ጀንፈል ቡና በብዛት ይገባ ስለነበር ከሚዛን ቤት ብዙም አልወጣሁም። የሰማሁት ነገር የለም። ሥራ አስኪያጁም ሆነ ጓድ ሸዋረገጥ ከመመሪያ ውጭ የሚሠሩ አይመስለኝም፤ ምናልባት የመረጃ መዛባት ይሆናል። የሚቀጥለው ዙር ቅርብ ነው። በትዕግሥትና በዲሲፕሊን የማይፈታ ችግር የለም።

ስለ ሥልጠናው ልንገርሽ። ሃያ ሁለት ነን፤ ከሲዳሞም ከሐረርጌም ከወለጋም የመጡ አሉ። ሴት አንዲት ብቻ ናት። ረጅም ጠረጴዛ ላይ ነጫጭ ሲኒ ይደረደራል፤ በማንኪያ እየሳብን እንቀምስና እንተፋለን። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም አንድ ሆነብኝ። ባለፈው ግን አስተማሪያችን ስምንት ቆርቆሮ ቡና አስቀምጦ በመሣሪያ ከመለካቱ በፊት እንድንገምት አዘዘን። አንቺ እንዳልሽው በጥርሴ ነካክሼ ተናገርኩ። ሰባቱን አገኘሁ። ክፍሉ አጨበጨበ። አስተማሪው «ማን አስተማረህ?» አለኝ። «ልምድ ነው» አልኩት።

አንድ ነገር ብቻ አስቸግሮኛል። ፍሬው ሲታይ ንጹሕ ነው፣ ደረቅ ነው፤ ሲኒ ላይ ግን የእንስሳ የመሰለ ሽታ ያመጣል። ፈተና ላይ ይመጣል ብለውናል። ምን እንደሆነ ብታውቂ ብትጽፊልኝ።

እናቴን ስላየሽልኝ ገለቶሚ። እግዜር ይስጥልኝ።

ወንድምሽ ፈይሳ

———

ሰርቦ፣ ታኅሣሥ 7 ቀን 1975 ዓ.ም.

ፈይሳ፣

«ልምድ ነው» አልከው? የማን ልምድ? ሚዛን ቤት ቁጭ ብለህ ፍሬ በጥርስህ ነክሰህ የምታውቀው መቼ ነው? «ሰርቦ ውስጥ መድና የምትባል ለቃሚ ነገረችኝ» ብትል ምላስህ ይቆረጥ ነበር? ይሁን። ይቺንም ዋጥኳት።

አቤት ብዬ ምን እንደገጠመኝ ልንገርህ። የማኅበራችን ሊቀ መንበር ቲጃኒ «በጽሑፍ አቅርቢ» አለኝ። ሁለት ገጽ ጽፌ አቀረብኩ። ቲጃኒ ይዞት ገባ። ሸዋረገጥ አነበበችውና ምን አለች መሰለህ? «ማን ጻፈልሽ?» ወላሂ እንዲህ ነው ያለችኝ! «ራሴ» አልኳት። ሳቀች። «እሺ ወረቀት አምጪ፣ እዚሁ ፊትሽ ልጻፍ፤ የፈለግሽውን ጋዜጣ ስጪኝና ላንብብ» አልኳት። «ቢሮ ትምህርት ቤት አይደለም። ፋይልሽ ይናገራል» ብላ መሳቢያዋን ሳበች።

ፋይሉን ከፍታ አሳየችኝ። ዘጠኝ ዓመት ደመወዝ የተቀበልኩበት ወረቀት ላይ ከላይ እስከ ታች የጣት አሻራ ነው። የእኔ ጣት ነው፣ አልካድኩም። ፊደል ከለየሁ ወዲህ እንኳን ሦስት ዓመት ሙሉ አሻራ ነው።

አንተ ለምን እንደሆነ ታውቃለህ። ለሌላ ሰው ብናገር እብድ ይለኛል። ደመወዝ ቀን እኛ ለቃሚዎች በተቀመጥንበት መደዳ ነው የምንሰለፈው። ሶረቲ ከፊቴ ናት። ዓይኗ ደክሟል፤ በዘመቻው ጊዜም የልጅ ልጅ ይዛ ስትታመም ስታስታምም አልተማረችም። እሷ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ስትጫን፣ እኔ ከኋላዋ መጥቼ እስክሪብቶ ላነሳ? እናቴን በሚያክል ሰው ፊት ተማርኩ ብዬ ልኩራራ? አላደረግኩትም። የተማሩትም ሌሎቹ ሴቶች አላደረጉትም። ቀለሙ እየተቀባበለ ያልፋል፣ ሁላችንም እዚያው ገለባ ላይ እንጠርገዋለን። አንዴ «ለምን አትፈርሚም?» ስትለኝ ይህንኑ ነግሬህ «አንቺ ሰው ነሽ» ብለኸኝ ነበር። አሁን ይሉኝታዬ መሃይም አስባለኝ።

ደግሞ እንዲህ አለችኝ፦ «ምስክርነቱን የሰጠው አንቺን በደንብ የሚያውቅ ሰው ነው።» ቲጃኒ ወረቀቱን አይቷል። ስም ጥራ ስለው «ለሠራተኛው አንድነት ሲባል ይቅር» አለኝ። የምን አንድነት? እኔን ብቻ ረግጦ የሚያልፍ አንድነት? ለምን እንደጠሉኝ አውቃለሁ። አምና ሥራ አስኪያጁ ያንን እርጥብ ቡና ከደረቁ ጋር ደባልቁት ሲል አይሆንም ብዬ ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ። መዳቢ ሆኜ ማኅተም ብይዝ ምን እንደማደርግ ያውቃል።

እንግዲህ ሁለተኛ ጊዜ መጠየቄ ነው። የሚያውቀኝ የተባለው ሰው ማነው? አልሰማሁም አትበለኝ። ሚዛን ቤቱና ቢሮው መካከል ያለው ግድግዳ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ሸዋረገጥ ስታነጥስ «ይማርሽ» የምትል አንተ ነበርክ።

ያ ሽታ የቆዳ ነው። ቡናው ከቆዳ ጋር አንድ መጋዘን ውሏል ማለት ነው። ከመዳፍህ ላይ አድርገህ እሽት እሽት አድርገውና በትንፋሽህ አሙቀኸው አሽትት። ቡና የጎረቤቱን ጠባይ ይወስዳል። ስትፈተን በደንብ ተናገር፤ ግን «ልምድ ነው» እንዳትል።

መድና

———

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለመድና

እንኳን ለመውሊድ በዓል በሰላም አደረሰሽ፣ ለእናትሽም ለፈድሊያም እንኳን አደረሳችሁ በይልኝ። ሄርማታ መንዙማው ሲደምቅ ከሩቅ ይሰማኛል። እንደምን ከርመሻል? ብርዱስ? እዚህ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከጅማ የመጣ ሰው በሁለት ብርድ ልብስም አይሞቀውም። አሠልጣኞቻችን ለመስክ ጉብኝት ይወስዱናል ተብሎ ሲጠበቅ ነዳጅ የለም ተብሎ ቀረ።

የቆዳውን ነገር እንዳልሽው ተናግሬ ሙሉ ውጤት አገኘሁ። አስተማሪው የተናገርኩትን በማስታወሻው ጻፈው።

በሰው እጅ አንዲት ሻሽ ልኬልሻለሁ። አረንጓዴ ትወጃለሽ ብዬ ነው። ታናሽ ስጦታ ናት፣ ከክፋት አትቁጠሪብኝ።

የጠየቅሽኝን በሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፍልሻለሁ። አሁን ፈተና ላይ ነን።

ወንድምሽ ፈይሳ

———

ሰርቦ፣ ጥር 11 ቀን 1975 ዓ.ም.

ፈይሳ፣

ሻሹ ይኸው። አላሰርኩትም፣ አልታጠበም፣ እንደታጠፈ ነው። ለእናትህ ስጣት።

አንተ በሰፊው እስክትጽፍ እኔ በጠባቡ ደረስኩበት። ባለፈው ሳምንት ለቀማ ላይ እያለን ሶረቲ «ያ ሳሙና እስካሁን አልመጣም እንዴ?» አለችኝ። የምን ሳሙና? አልኳት። «መስከረም ላይ ለሳሙና ተመዝገቢ ብለው ቢሮ ጠርተው ጣቴን አስነክረውኝ አልነበር?» አለች። የፍሬ ሰፌዱ ከእጄ ወደቀ። «ወረቀቱን ማን አነበበልሽ?» አልኳት። «ፈይሳ ነዋ፣ ያ ልጃችን» አለች።

ያ ልጃችን!

ቲጃኒን ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ አልነቀልም አልኩት። እስኪያሳየኝ ድረስ ቆምኩ። አሳየኝ። አንደኛው የዘበኛው ፊርማ ነው፤ እሱ ሻይ ከገዙለት በሰማይ ላይም ይፈርማል። ሁለተኛው የሶረቲ ጣት። ሦስተኛው ጭራው ረጅም ነው። ወረቀቱን ከምስክር ወረቀቴ ጎን አስቀመጥኩት። አንዱ «ማንበብና መጻፍ መቻሏን አረጋግጣለሁ» ይላል። አንዱ «አለመቻሏን አረጋግጣለሁ» ይላል። ፊርማው አንድ ነው። ቲጃኒ አየና ጫማውን መመልከት ጀመረ።

እኔን ብቻ ብትሸጥ ኖሮ አንድ ነገር ነው። ዓይኗ የደከመ ሴትዮ እጅ ይዘህ፣ ሳሙና ብለህ ዋሽተህ፣ የእኔን መቃብር በእሷ ጣት ታስቆፍራለህ? የፈረመችበትን ነገርኳት። ሁለት ቀን ከሥራ ቀረች። ቤቷ ስሄድ አውራ ጣቷን በእጇ ጨብጣ ተቀምጣ አገኘኋት።

ለምን እንደምትለማመጠኝም አሁን ገባኝ። ያ ሁሉ ሰላምታ፣ ያ ሁሉ አንቱታ፣ ሻሹ! እኔ ሞኟ ደግሞ ስለ ጥርስና ስለ ቆዳ እየጻፍኩ አስጨበጨብኩልህ።

አንድ ነገር ብቻ እፈልጋለሁ። የጻፍኩልህን ደብዳቤዎች በሙሉ መልስልኝ። በእጄ ተጽፈዋል፤ የሰርቦ ፖስታ ቤት ማኅተምና ቀን አለባቸው። ማን ጻፈልሽ ለምትለኝ ሴትዮ ፊቷ ላይ እዘረግፋቸዋለሁ። ይቅርታህን ግን ተወው፣ አታሰልፈው።

ለእናትህ አልነገርኳትም። እሷ ምን አደረገች?

መድና አብዱልሰመድ

———

አዲስ አበባ፣ የካቲት 2 ቀን 1975 ዓ.ም.

መድና፣

እውነት ነው። የፈረምኩት እኔ ነኝ። ለሶረቲም ሳሙና ያልኳት እኔ ነኝ።

ለምን ትይኝ ይሆናል። አስፈራሩኝ ብዬ ልጽፍልሽ ጀምሬ ሁለት ወረቀት ቀድጃለሁ። ማንም አላስፈራራኝም። ሸዋረገጥ ጠርታ «ሥራ አስኪያጁ የመድናን መሄድ አይፈልግም፤ አንተ ግን የሰው ቃል ትሰማለህ» አለችኝ። ወንበሩን አሳዩኝ፣ ወሰድኩት። ሃያ አምስት ዓመቴ ነው፤ ጆንያ እያነሳሁ ሚዛን ላይ እያስቀመጥኩ ማርጀት ፈራሁ። አንቺ በሚቀጥለው ትሄጃለሽ እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ስለ ጣትሽ ያጫወትሽኝን ለሸዋረገጥ የነገርኳትም እኔ ነኝ። «ፋይሏን ብታዪው አሻራ ብቻ ነው» አልኳት። ይህንን ካልጻፍኩ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው።

ደብዳቤዎችሽን አልመለስኩልሽም፣ በዚህም ትቆጪኛለሽ። ሦስቱንም ለማሠልጠኛው ኃላፊ ሰጠሁ። ከነሱ ጋር ያደረግኩትን ጽፌ ፈርሜ ሰጠሁ። ኃላፊው አስተማሪያችንን አስጠራው። አስተማሪው የቆዳውን ሽታ ያስረዳሽበት ላይ ሲደርስ መነጽሩን አውልቆ «ያን ጊዜ ልምድ ነው ያልከኝ የዚህችን ሴት ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ለክፍሉም ተናገረ። ከዚያ ቀን ወዲህ ምሳ ስበላ አጠገቤ የሚቀመጥ የለም።

ወንበሩን ለአንቺ ልልቀቅ ብዬው ነበር። ኃላፊው «መንግሥት ለዚህ ወንበር ስድስት ወር ከፍሏል፤ በግማሽ ለቅቀህ ለማንም አትጠቅምም። ጨርስ» አለኝ። ለግንቦት ዙር አንቺን በስም ጠርቶ ለመቀሸሪያችን ደብዳቤ ጽፏል። ቁጥሩን ገልብጬ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ፤ አልደረሰም እንዳይሉሽ። የዋናው ግልባጭ ለማኅበሩም ተልኳል።

ይቅርታውን እንዳልሽው አላሰለፍኩትም።

ፈይሳ

———

ሰርቦ፣ የካቲት 25 ቀን 1975 ዓ.ም.

ፈይሳ፣

የማሠልጠኛው ደብዳቤ ደርሷል። ቁጥሩን ባትልክልኝ ኖሮ አልደረሰም ይሉኝ ነበር፤ መጀመሪያ እንደዚያው ብለውኝ ነበር። ይህችን አድርገሃል፤ አድርገሃል እላለሁ። ከዚህ ያለፈ እንዳትጠብቅ።

ፈቀዱ ወይ ትል እንደሆነ፣ አልፈቀዱም። ሸዋረገጥ «የማሠልጠኛው ኃላፊ አዲስ አበባ ነው ያለው፤ የሠራተኛ ፋይል ያለው እኔ ዘንድ ነው። ፋይሉ አሻራ ነው የሚለው። ችሎታሽን የሚያሳይ ሌላ ሰነድ የለም» አለችኝ። የአንተ ኑዛዜ ደግሞ «ከቦታው የራቀ ሰው በስሜት የጻፈው» ነው አለች። ያኔ ስትዋሽላት ምስክር ነበርክ፤ አሁን እውነት ስትናገር ስሜታዊ ሆንክ። ሳቄ መጣ፣ ወላሂ። ሸዋረገጥ ፊት ሳቅኩ።

እሺ አልኳት። ፋይሉ ነው የሚናገረው ካለች ፋይሉን እኔ አናግረዋለሁ።

ሶረቲ ተመልሳለች። መጀመሪያ ቀን ስትገባ «አስተምሪኝ፣ ዛሬውኑ» አለችኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ባዶ ጆንያ ዘርግተን በከሰል እንጽፋለን። እሷን ያዩ ሌሎቹ ስድስት ያልተማሩትም መጡ። «ሶ» ላይ አራት ቀን ቆምን። ስትሳሳት በኦሮምኛ ራሷን ትሰድባለች፣ እኛ እንስቃለን። አንተ እኔን ስታስተምር እንዲህ ታግሰህኝ ነበር። ይህ ነው አሁን ድረስ የሚያቃጥለኝ።

መድና

———

ሰርቦ፣ ሚያዝያ 5 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለፈይሳ ነጋሳ፣

የጻፍከው ደርሶኛል። መልስ ያዘገየሁት የመጋቢት ደመወዝ ቀን እስኪያልፍ ነው። አለፈ፤ እንዴት እንደሆነ ልጻፍልህ፣ ሌላ ሰው ቀባብቶ ሳይነግርህ።

እንደወትሮው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ተሰለፍን። ሸዋረገጥ ራሷ ነበረች ጠረጴዛው ላይ። ለወትሮው የእኛን መደዳ በግማሽ ሰዓት ትጨርሳለች፤ ጣት፣ ቀለም፣ ቀጣይ። ሶረቲ ከፊቴ ነበረች። ቀለሙን ገፋ ስታደርግላት ሶረቲ መልሳ ገፋችውና «እስክሪብቶ ስጪኝ» አለች። ሸዋረገጥ አልሰማችም መሰለኝ ቀለሙን እንደገና ገፋችላት። «እስክሪብቶ!» አለች ሶረቲ። ተቀበለች። ጎንበስ አለች። «ሶ»ን ጻፈች፣ ቆመች፣ ተነፈሰች። ከኋላ አርባ ሴት አንገቱን አስግጎ ያያል። «ረ»ን ጻፈች። «ቲ» ስትደርስ ቦታው አልበቃ አላትና ወደ ሸዋረገጥ ፊርማ መስመር ገባችባት። ሸዋረገጥ «ኧረ እማማ፣ በጣትዎ አይጨርሱም? ሰዓቱ እኮ ሄደ!» አለቻት። ሶረቲ ምን እንዳለች ታውቃለህ? «ጣቴንማ ለሳሙና ወስዳችሁት ሳሙናውም አልመጣ።»

ሳቁ እስከ ሚዛን ቤት ተሰማ።

ቀጥሎ እኔ ነኝ። መድና አብዱልሰመድ ኢስሃቅ ብዬ ከነአያቴ ጻፍኩ። ቀስ ብዬ ነው የጻፍኩት፣ በቁም ጽሕፈት። ከኔ በኋላ ያሉት አንዳቸውም ቀለሙን አልነኩም። የሚችለውም ገና የሚለማመደውም ስሙን ጻፈ። አንዷ የአባቷ ስም ጠፋባት፣ ሰልፉ ቆሞ ጠበቃት። አሥር ሰዓት ሆነ፣ አሥራ አንድ ሆነ። ውጭ ሁለት የጭነት መኪና ቆመዋል፤ የመጨረሻው ለቀማ አላለቀም፣ ሾፌሮቹ ጥሩምባ ይነፋሉ። ሥራ አስኪያጁ ወጣ። «ምንድነው ይሄ ሰልፍ?» አለ። ሸዋረገጥ «እየፈረሙ ነው» አለችው። «ይፈርሙ እንጂ ታዲያ፣ መፈረም ስንት ሰዓት ይፈጃል!» አለ። እኔ ነኝ የመለስኩለት። «ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣ መሃይም ነን። መሃይም ሲጽፍ ጊዜ ይፈጃል» አልኩት። ፊቱ ሲቀላ ፈራሁ ብልህ እዋሻለሁ፤ ንዴቱ ከፍርሃቱ በልጦብኝ ነበር።

ያን ጊዜ ነው ቲጃኒ አንደበቱ የተፈታው። ስድስት ወር ጫማውን ሲያይ የከረመ ሰውዬ! ቀና ብሎ «ጓድ፣ ማንበብና መጻፍ አትችልም የተባለችው ሴት ሰባት ሰው መጻፍ አስተምራለች። ይህንን ለማሠልጠኛው እርስዎ ይጽፋሉ ወይስ ማኅበሩ ይጻፍ?» አለው። ሥራ አስኪያጁ መኪኖቹን አየ፣ ሰልፉን አየ። ገና አሥራ አራት ሴት ይቀረን ነበር። ወደ ቢሮው ተመልሶ ገባ። በማግሥቱ ጠዋት ፈቃዱ ተፈረመ፦ ከግንቦት አንድ ጀምሮ ስድስት ወር፣ ከሙሉ ደመወዝ ጋር። ሸዋረገጥ ስታቀብለኝ «ተቀባይ» ከሚለው ላይ ፈርሚ አለችኝ። ጣቴን አላሳየችኝም።

ፈድሊያን ሄርማታ መልሻታለሁ። መሸኛውን ሁለተኛ ጊዜ ሲጽፉልኝ የትምህርት ቤቱ ሰውዬ «ዘንድሮስ እውነት ትሄጃለሽ?» አለኝ። እናትህንም ሐሙስ አየኋት። የምትመለስበትን ቀን ነግሬአታለሁ። ስላንተ የነገርኳት ይህንን ብቻ ነው፤ ሌላውን አንተው ንገራት። ከሶረቲ ጋር ያለህንም አንተው ጨርስ። ቤቷ ሂድ፣ ሳሙና ይዘህ እንዳትሄድ ብቻ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። አንተ ሚያዝያ ሃያ ትጨርሳለህ፤ እኔ የምገባው ሃያ ስድስት ነው። አምስት ስድስት ቀን ቆይቼ አውቶቡስ ተራ ልቀበልሽ፣ ማደሪያ ላሳይሽ ብለሃል። አትቆይ። ና ወደ ሥራህ፣ ሚዛኑ ሰው የለውም። መዳቢነቱንም ያዘው፣ እስክመለስ ድረስ። እርጥብ ቡና ስታሳልፍ ከተገኘህ ግን ሶረቲ ትጽፍልኛለች፣ አሁን ትችላለች። እኔ ከአውቶቡስ ወርጄ፣ የመንገዱንም የበሩንም ሰሌዳ አንብቤ እገባለሁ።

ይቅር ብዬሃለሁ ወይ? አላልኩህም። ወደፊት እንደሆነም አላውቅም፤ አላህ ያውቃል። ግን እዚያ ስገባ ያ አስተማሪ የእኔንም ጽሕፈት አይቶ «ማን አስተማረሽ?» ማለቱ አይቀርም። «ልምድ ነው» አልለውም። ፊደል ያስቆጠረኝ ፈይሳ ነጋሳ ነው እለዋለሁ።

መድና አብዱልሰመድ ኢስሃቅ